ሕፃናት ፊደልን በእጃቸው ሠርተው ይማሩ



ፊደል የትምህርት ሁሉ በር መሆኑን የማያውቅ የለም። ሐኪሙም፥ መሐንዲሱም፥ ዳኛውም፥ መምህሩም በዚያው በር አልፈው ገብተዋል። ነገር ግን በሩ አንድ ይሁን እንጂ አገባቡ አንድ አይደለም። አንዱ ልጅ እየሳቀ ይገባል፤ አንዱ እያለቀሰ ይገባል፤ አንዱም ከደጃፉ ላይ ደክሞት ይቀራል። በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ልጽፍ የተነሣሁት ስለዚሁ ስለ አገባቡ ነው። ሐሳቤም በአጭሩ ይህ ነው፤ ዕድሜያቸው ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የሆነ ሕፃናት እርሳስ ጨብጠው ፊደልን በደብተር ላይ ከመገልበጣቸው በፊት፥ በጭቃና በሊጥ፥ በአሸዋና በጠጠር እየሠሩ፥ እየዳሰሱና እየተጫወቱ ሊማሩት ይገባል እላለሁ።

በዛሬ ጊዜ ልጁን መዋዕለ ሕፃናት ያስገባ ወላጅ ማታ ከሥራ ሲመለስ አስቀድሞ የሚለው «ዛሬ ምን ጻፍህ? እስቲ ደብተርህን አምጣ» ነው። ገጹ በ«ሀ»ና በ«ለ» ተሞልቶ ካገኘው ደስ ይለዋል፤ ባዶ ሆኖ ካገኘው ግን «ለዚህ ነው ወይ ይህን ሁሉ ገንዘብ የምከፍለው?» ብሎ ያዝናል። አስተማሪዋም ይህን ስለምታውቅ፥ ሕፃናቱ በግቢው አፈር ሲጫወቱ ቢውሉ እንደሚጠቅማቸው ልቧ እየነገራት፥ ወላጅ እንዳይቀየማት ስትል በነጠብጣብ የተሠሩ ፊደሎችን አባዝታ «በላዩ ላይ ሂዱበት» ትላቸዋለች። ሕፃኑም ገና ባልጠነከሩ ጣቶቹ እርሳሱን አንቆ፥ ምላሱን አውጥቶ፥ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ይታገላል። የቤት ሥራውን ሳይጨርስ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ወይም እናቱ እጁን ይዛ ትጽፍለታለች። እንግዲህ ወላጅ «ልጄ ከሰው በታች እንዳይሆን» ብሎ ሲፈራ፥ አስተማሪ ወላጅን ስትፈራ፥ በመካከል ዕዳውን የሚከፍለው ያ ምንም የማያውቅ ሕፃን ነው።

የዚህ አማማር ውጤት ምን እንደሆነ በቤታችን አይቻለሁ። አምስት ዓመት የሞላት ታናሽ እኅት አለችኝ። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለውን ፊደል አንድም ሳትገድፍ በዜማ ስትወርደው የሰማ ሁሉ «ይህችስ ሊቅ ትሆናለች» ይላታል። ነገር ግን በግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የፊደል ገበታ መካከል «ሙ»ን በጣቴ ጠቁሜ «ይህ ማን ነው?» ብዬ ብጠይቃት ዝም አለች። ጥቂት አሰበችና ከ«ሀ» ጀምራ፥ ሁሉንም በየተራው እየነካች ወርዳ፥ «ሙ» ላይ ስትደርስ ቆማ ስሙን ነገረችኝ። «ቢ»ን ብጠይቃትም እንደ ገና ከ«ሀ» ተነሣች። ያንኑ «ሙ» ከጋዜጣ ላይ ባሳየኋት ጊዜ ግን፥ የምትነሣበት «ሀ» በአጠገቡ ስላልነበረ፥ ፈጽሞ አላወቀችውም። እኅቴ ሰነፍ አይደለችም፤ የተሰጣትን ትምህርት በሚገባ ተምራለች። የተሰጣት ግን ዜማው ነበረ እንጂ ፊደሉ አልነበረም።

ይህ ችግር ዛሬ የመጣ አይደለም፤ አባቶቻችንም ያውቁት ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ሕፃኑ በመጀመሪያ «ሀ ሁ ሂ» እያለ ፊደል ይቆጥራል። ያንን በቃሉ ሲይዝ ግን «ዐወቀ» ተብሎ አይታለፍም፤ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል። አቡጊዳ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያለ፥ የፊደሉን ተራ ለውጦ፥ ከአንዱ ቤት ግእዙን፥ ከሁለተኛው ካዕቡን፥ ከሦስተኛው ሣልሱን እያነሣ ይሄዳል። ፊደልን በዜማ ብቻ የያዘ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል፤ መልኩን ለይቶ የያዘ ግን ይሻገራል። ደግሞም ተማሪው እያንዳንዱን ፊደል በስንጥር እየነካ ይቆጥራል እንጂ እጁን አጣምሮ አይጮኽም። ስለዚህ «ፊደል በቃል ከተያዘ ይበቃል» የሚለው ሐሳብ የአባቶቻችን ሐሳብ አይደለም። ከትምህርታቸው ዜማው ብቻ ተወስዶ አቡጊዳው ቢቀር ጥፋቱ የእነርሱ አይሆንም።

እስቲ አሁን የፊደላችንን ጠባይ እንመርምር። የአማርኛ ፊደል ዲቃሎቹን ሳንቆጥር 33 ቤት አለው፤ እያንዳንዱም ቤት ከግእዝ እስከ ሳብዕ 7 ልጆች ስላሉት በጠቅላላው 231 ይሆናል። እንግሊዝኛ የሚማር ሕፃን ትልቁንና ትንሹን ፊደል ጨምሮ የሚያጠናው 52 ቅርጽ ነው። እንግዲህ 231ዱን አንድ በአንድ፥ እንደ ልዩ ልዩ ሥዕል አድርገህ ያዝ ማለት ለአምስት ዓመት ልጅ ምን ያህል ሸክም እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ዳሩ ግን ፊደላችን 231 እንግዶች የተሰበሰቡበት ገበያ አይደለም፤ 33 ቤተ ሰብ ነው። በአንድ ቤት ያሉት ሰባቱ ወንድማማቾች በመልክ ይመሳሰላሉ፤ የሚለያቸው ትንሽ ምልክት ነው። የ«በ»ን ቤት እንመልከት። ካዕቡ ከጎኑ ቅጥያ አውጥቶ «ቡ» ይሆናል። ሣልሱ ያንኑ ቅጥያ ወደ እግሩ አውርዶ «ቢ» ይባላል። ራብዑ ቀኝ እግሩን አስረዝሞ «ባ»፥ ኃምሱ ከእግሩ ሥር ቀለበት አጥልቆ «ቤ»፥ ሳብዑም ግራ እግሩን አስረዝሞ «ቦ» ይሆናል። ሳድሱ ግን በየቤቱ ጠባዩ ስለሚለያይ ለብቻው መታወቅ አለበት። የ«በ»ን ቤት ያወቀ ልጅ የ«ሰ»ንና የ«ከ»ን ቤት በአብዛኛው ዐወቀ ማለት ነው።

ይህን ሥርዓት ጆሮ አይሰማውም፤ «ቡ» እና «ኩ» በጆሮ ሲሰሙ ከጎናቸው ያለው ቅጥያ አይታወቅምና። ዓይንም በጥድፊያ ያልፈዋል። እጅ ግን ሳይነካው አያልፍም። እናቴ ለዳቦ ካቦካችው ሊጥ ቁራሽ ለምኜ፥ ለእኅቴ በትሪ ላይ «በ»ን ሠርቼ ሰጠኋት። ቀጥዬም ትንሽ ሊጥ አድቦልቡዬ ከጎኑ ለጠፍሁና «ቡ» አልኋት። እርስዋም ያንኑ ወደ እግሩ አወረደችውና «ቢ» ስላት ሳቀች። ቀለበቱን ለመሥራት ብዙ ታገለች፤ ነገር ግን እንደ እርሳሱ አላስለቀሳትም፤ የተበላሸ ሊጥ ተድቦልቡሎ እንደ ገና ይሠራልና። በሦስተኛው ቀን «ከ»ን ብቻ ሠርቼ ብሰጣት፥ ማንም ሳይነግራት ቅጥያውን ከጎኑ ለጥፋ «ኩ!» ብላ ጮኸች። እኔ ዕውቀት የምለው ይህን ነው። የነገሯትን አልደገመችም፤ ራስዋ አገኘችው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይሆንም» ይባላል፤ ለትምህርት ግን ልጅ ራሱ ያቦካውን የሚያህል አላየሁም።

ከሥርዓቱ የወጡትም ፊደሎች በጨዋታ ሲቀርቡ አያስቸግሩም። ካዕብ ሁሉ ቅጥያውን ከጎኑ ሲያወጣ «ሩ»ና «ፉ» ከታች ያወጣሉ፤ እኅቴም «እነዚህ አይታዘዙም» ብላ ስም አወጣችላቸው፤ ከዚያ ወዲህ አልረሳቻቸውም። ባርኔጣ ያላቸውም አሉ። «ሰ» ባርኔጣ ቢደፋ «ሸ» ይሆናል፤ «ተ» ቢደፋ «ቸ»፥ «ነ» ቢደፋ «ኘ»፥ «ከ» ቢደፋ «ኸ»፥ «ዘ»ም ቢደፋ «ዠ» ይሆናል። ከገለባ የተቆረጠች አንዲት ባርኔጣ ከራስ ወደ ራስ ስትዘዋወር አምስት ቤቶች ሌላ አምስት ቤቶች ይወልዳሉ።

ለዚህ ትምህርት ከባሕር ማዶ መጫወቻ ማስመጣት አያስፈልግም። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ሆኖብን ነው እንጂ የአገራችን ልጆች ጨዋታ ለፊደል የተመቸ ነው። ሰኞ ማክሰኞን እንውሰድ። መሬት ላይ ሰባት ቤት ይሠመርና በየቤቱ ከግእዝ እስከ ሳብዕ አንድ አንድ ፊደል ይጻፋል፤ ልጁ ጠጠሩ ያረፈበትን ፊደል ስሙን ጠርቶ በአንድ እግሩ እየዘለለ ያልፋል። ሳምንቱ ሰባት ቀን፥ የፊደሉም ቤት ሰባት ልጅ ስለሆነ ቁጥሩ ተገጣጠመ። ድብብቆሽም አለ፤ በካርቶን ላይ የተጻፉ ፊደሎች በግቢው ይደበቁና ያገኘ ሁሉ የያዘውን ፊደል እየጠራ ይመለሳል። ማታ ደግሞ እንቆቅልሽ አለ። «እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ?» «ሦስት እግር አለኝ፤ በርጩማ ግን አይደለሁም።» አንዱ «ጠ» ይላል፤ ሌላው «ሐ» ይላል፤ ሁለቱም ልክ ስለሆኑ ክርክሩ ደስ ያሰኛል። ዝናብ ሲዘንብ ጭቃው በነፃ ይመጣል፤ በበጋም አቧራው ሰሌዳ፥ ጣት እርሳስ ይሆናል።

ይህ ሐሳብ የእኔ ግኝት አይደለም፤ አዲስም አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊው የንግግር መምህር ኲንቲሊያን ሕፃናት ከዝሆን ጥርስ የተቀረጹ ፊደሎችን እየተጫወቱባቸው እንዲማሩ መክሮ ጽፏል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ በሮም ከተማ በሳን ሎሬንሶ ሰፈር የሕፃናት ቤት ከፈቱ። በዚያ የተሰበሰቡት የድኾች ሠራተኞች ልጆች ነበሩ። እኚህ ሴት ፊደሎችን ከብርጭቆ ወረቀት ቆርጠው በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ እየለጠፉ፥ ሕፃናቱ ሻካራውን ቅርጽ በጣታቸው እየተከተሉ ድምፁን እንዲጠሩ ያደርጉ ነበር። እንግዲህ ይህ አማማር የሀብታም ልጆች ቅንጦት ሆኖ አልተጀመረም።

በቅርብ ዘመን ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. በአሜሪካ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ኬሪን ጄምስ ከባልደረባቸው ጋር አንድ ጥናት አወጡ። ገና ማንበብ ያልጀመሩ የአምስት ዓመት ሕፃናት አንዳንዱን ፊደል ራሳቸው በእጃቸው እንዲጽፉ፥ አንዳንዱን በመምቻ እንዲመቱ፥ አንዳንዱን ደግሞ በተሠራ መሥመር ላይ እንዲከተሉ ተደረገ። ኋላ አንጎላቸው ሲመረመር ለንባብ የሚያገለግለው ክፍል ይበልጥ ነቅቶ የተገኘው ሕፃናቱ ራሳቸው በጻፏቸው ፊደሎች ነበረ። ጥናቱ የተደረገው በጭቃ አይደለም፤ ዳሩ ግን አንድ ትልቅ ነገር ያስተምረናል። ሕፃን ሌላ ሰው በሠራለት ነጠብጣብ ላይ ሲሄድ ከመዋል ይልቅ፥ ጠማማም ቢሆን የራሱን ፊደል ሞክሮ ቢሠራ ይጠቅመዋል።

አሁን በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች ልመልከት። አንዳንዶች «እኛ በአርጩሜ ተምረን ሰው ሆነናል፤ ጨዋታ ልጅ ያባልጋል» ይላሉ። በአርጩሜ ተምረው ሰው የሆኑ ብዙዎች እንዳሉ አልክድም። ነገር ግን የምናያቸው በሩን አልፈው የገቡትን ብቻ ነው፤ አርጩሜውን ፈርተው ከደጅ የተመለሱትን ግን ማንም አልቆጠራቸውም። በአርጩሜ የተማረም ሰው የተማረው አእምሮ ስላለው ነው እንጂ አርጩሜው ፊደል ስለሚያውቅ አይደለም።

ሌሎች ደግሞ «አንድ ክፍል ውስጥ ስድሳ ሕፃን ተቀምጦ ማን ጭቃ ያድላል?» ይላሉ። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ አቃልዬ አላየውም። ሆኖም ስድሳ ሕፃናት በአንድ ጊዜ እርሳስ እንዲይዙ ማድረግስ ቀላል ነውን? አንዲት አስተማሪ የስድሳውን እጅ ይዛ ልታስጽፍ አትችልም። ሕፃናቱን በስድስት በስድስት ከፍላ፥ አንዱን ቡድን በአሸዋ፥ አንዱን በጠጠር፥ አንዱን በገለባ ብታሰማራ ግን እርስ በርሳቸው ይማማራሉ።

ሦስተኛው ተቃውሞ የወላጆች ነው። «አንደኛ ክፍል ሲገባ መጻፍ ካልቻለ ማን ይቀበለዋል?» ይላሉ። እኔ ግን መጻፍን አስቀሩ አላልሁም፤ ቀን ስጡት ነው ያልሁት። ሊጥ ሲያድቦለብል፥ ጠጠር ሲለቅም፥ ገለባ ሲቆርጥ የዋለ ጣት ይጠነክራልና፥ ጊዜው ሲደርስ እርሳሱን አንቆ አይዘውም። ምን እንደሚጽፍ የሚያውቅ ልጅ አጻጻፉን ለመልመድ ብዙ አይቸገርም። የጻፈውን የማያውቅ ልጅ ግን ሦስት ደብተር ቢሞላ ሥዕል ሣለ እንጂ አልጻፈም።

ይሁን እንጂ ጨዋታ ሁሉ ትምህርት አይደለም። ሕፃናትን በጭቃ ላይ ለቅቆ መሄድ ማስተማር አይባልም። ስለዚህ በበኩሌ ጨዋታው እንደሚከተለው ሥርዓት ቢኖረው መልካም ይመስለኛል።

1ኛ) ልጁ ከራሱ ስም ይጀምር። «ሀ» ለሕፃን ባዕድ ነው፤ ስሙ ግን የራሱ ነው። በስሙ ያሉትን ፊደሎች ከሠራ በኋላ የእናቱንና የአባቱን ስም ያስከትል።

2ኛ) በአንድ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ፊደል አይበልጥ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህ ነው።

3ኛ) እጅ ሲሠራ አፍም ይጥራ። ድምፁ ሳይጠራ የተሠራ ፊደል የጭቃ ቁራሽ ብቻ ነው።

4ኛ) የታወቀው ፊደል ከገበታው ውጭ ይፈለግ፤ በሱቅ ሰሌዳ፥ በአውቶቡስ ላይ፥ በስኳር ከረጢት ላይ ይታይ።

5ኛ) ዜማው አይቅር። የፊደልን ተራ የሚያስይዝ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ከእጅ ሥራው ጋር ይሂድ።

6ኛ) ባቄላና ጠጠር በሚያዝበት ጊዜ ትልቅ ሰው አይለይ፤ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ አፍንጫውና ጆሮው ውስጥ ይከታልና።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለጨዋታ ብዬ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. በአገራችን በስድስት ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና፥ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ያልሄዱ አይደሉም፤ ሁለት ዓመት ተመላልሰዋል። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ እንደሆነ ዐውቃለሁ፤ የመጽሐፍ ማነስ አለ፥ ረኃብ አለ፥ የክፍሉ መጨናነቅ አለ። ሆኖም ፊደልን ለይቶ ያላወቀ ልጅ ሌላው ሁሉ ቢሟላለት ማንበብ አይችልም። ፊደል ላይ የተሰናከለ ልጅ ሒሳቡም፥ ሳይንሱም፥ ታሪኩም ይዘጋበታል፤ በጓደኞቹም ፊት ማፈር ይጀምራል፤ ያፈረበትንም ነገር ይጠላዋል።

እንግዲህ ክቡራን ወላጆች፥ ማታ ልጅዎ ሲመለስ ደብተሩን ብቻ አይጠይቁት። «ዛሬ ምን ሠራህ? እስቲ በዚህች ሊጥ አሳየኝ» ይበሉት። ልብሱ ጭቃ ነክቶ ቢመጣም አይቆጡት፤ ጭቃ በውኃ ይለቃል፤ የትምህርት ጥላቻ ግን በቶሎ አይለቅም። ክቡራን መምህራን፥ ወላጆችን ሰብስባችሁ የልጆቻቸውን የእጅ ሥራ አሳዩአቸው፤ አላዩትም እንጂ ቢያዩት ይወዱታል ብዬ አምናለሁ።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ለእኛም ድርሻ አለን። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ መደበኛ ትምህርት ማዕቀፍ ታላላቅ ልጆች ታናናሾቻቸውን በጨዋታ ለትምህርት የሚያዘጋጁበትን መንገድ ከሌሎቹ መንገዶች ጋር አስቀምጧል። ስለዚህ ይህን ለማድረግ አዲስ ትእዛዝ አንጠብቅም። በመጪው ክረምት እያንዳንዳችን ከሰፈራችን ሁለት ሕፃናት ወስደን፥ በሳምንት ሦስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ብናጫውታቸው፥ አንድ ክፍል ተማሪ ብቻ ከመቶ ለሚበልጡ ሕፃናት ይደርሳል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የካርቶን ሣጥን፥ አንድ መቀስና ጥቂት ትዕግሥት ነው። የሠራነውንም ለተማሪዎች ክበብ ብናስረክብ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ይጠቀሙበታል።

በመስከረም በሩ ሲከፈት፥ እኛ ያጫወትናቸው ሕፃናት ፊደልን እንደ ፈተና ሳይሆን እንደ ቀድሞ ጓደኛ ሰላም ብለውት ይግቡ።